የዓባይን ማዶ በከሰል መሣል

ከመጻፊያ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ቁመቱ 50፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ የከሰል ሥዕል ተሰክቷል። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቆሞ ወደ ደጀን የሚመለከት ሰው የሚያየውን የዓባይ በረሃ የሚያሳይ ሲሆን፣ እርሱ እስኪገኝ ድረስ ሰባት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ስለ እነዚያ ሰባት ወረቀቶች መጻፍ የፈለግሁት፣ አብዛኞቹን ያበላሻቸው አንድ ዓይነት ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ በመሆኑ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ቦታ ጠቁሮና ጎልቶ እንዲታይ እፈልግ ነበር፤ ያ ቦታ ግን ከሁሉም የራቀው ስለሆነ ከሁሉም ፈዝዞ መሣል ነበረበት።

አካባቢውን ላላየው አንባቢ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የደጋው ሜዳ በድንገት ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገርና፣ የወረደውን ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ላይ ደጋውን መልሶ ያገኘዋል። በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ መንገድ ከአፋፍ እስከ አፋፍ በቀጥታ ቢለካ የዚያን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። የአገሬው ሰው ሸለቆውን «በረሃው» ይለዋል። በመካከሉ ያን የመሰለ ወንዝ እየፈሰሰ በረሃ መባሉ በልጅነቴ ያስገርመኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ስሙ ውሃ ማጣቱን ሳይሆን ሙቀቱንና ሰው የማይሰፍርበት መሆኑን የሚናገር እንደሆነ ገባኝ።

የተወለድኩት ደጀን ነው። በ1988 ዓ.ም.፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አክስቴ ዘንድ ሆኜ እንድማር ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። አውቶቡሱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣ ነበርና አባቴ ፋኖስ ይዘው እስከ መነኻሪያው ሸኙኝ። ስለ ትምህርቱም፣ ስለ ጸባዬም አንዳች ምክር አልሰጡኝም፤ እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ «ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ሰው ሁሉ ለቁርስ ይወርዳል። አንቺ መጀመሪያ ዞር ብለሽ ማዶውን እዪ። የቤታችን ቆርቆሮ ሲያበራ ታያለሽ።» የሣር ክዳኑን አፍርሰው ቤቱን ቆርቆሮ ካለበሱት ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበርና ነገሩ የኩራትም ነበር። በአሮጌው ድልድይ ተሻግረን (በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው፣ በብረት ገመዶች የተወጠረው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ያን ጊዜ አልነበረም) ዳገቱን ጨርሰን ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ፀሐይዋ ከምሥራቅ ከፍ ብላ ነበር። እንደተባልኩት ዞሬ አየሁ። በማዶው አፋፍ ጫፍ ላይ አምስት ወይም ስድስት የብርሃን ነጥቦች ያብረቀርቁ ነበር፤ የትኛው የእኛ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ቢሆንም አንዱን መረጥሁ። ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድኩና በተመለስኩ ቁጥር ያንኑ ነጥብ እየፈለግሁ አየው ነበር።

አባቴ ካረፉና ቤቱም ከተሸጠ ዓመታት አልፈዋል። ሥዕል መማር የጀመርኩት ደግሞ የሂሳብ ሥራ ይዤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ተማሪዎችን ቤቱ ሰብስቦ ከሚያስተምር አንድ ሠዓሊ ዘንድ ነው። በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ የሆነው ይህ መምህሬ ቀለም ከማስነካቱ በፊት ተማሪዎቹን ለረጅም ጊዜ በከሰል ብቻ ያሠራል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ቀለም ስሕተትን ይሸፍናል፣ ከሰል ግን ያጋልጣል የሚል መልስ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ተማሪን ለማዳከም የሚነገር ነገር መስሎኝ ነበር።

ከሰል በእኛ ቤት መጀመሪያ የቡና ነው፤ ለሥዕል የሚሆነው ግን ከማንደጃ የሚወጣው አይደለም። በኩንታል የሚሸጠው ከሰል አብዛኛው ከግራርና ከመሰል ጠንካራ እንጨት ስለሚከሰል፣ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይቧጭራል፤ አፈርም አይጠፋበትም። ለሥዕል ተስማሚ የሚባለው ከለስላሳ እንጨት፣ በተለይም ከአኻያ ወይም ከወይን ሐረግ የሚሠራው ነው። ከውጭ የሚመጣው ውድ ስለሆነብኝ ራሴ ለመሥራት ወሰንሁና ከወንዝ ዳር የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጬ ቅርፊቱን ልጬ፣ በእርሳስ ውፍረት ልክ ቆራርጬ አደረቅሁት። ከዚያም ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አጥብቄ ጠቀጠቅሁትና በክዳኑ ላይ በሚስማር አንድ ቀዳዳ በስቼ እሳት ውስጥ ከተትሁት።

ከጣሳው ቀዳዳ የሚወጣውን መመልከት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭና እርጥብ እንፋሎት፣ የእንጨቱ ውሃ ነው። ቀጥሎ ጭሱ ይወፍርና ወደ ቢጫ ያደላል፤ እሳት ቢነካው እዚያው ቀዳዳው ላይ እንደ ሻማ ይቀጣጠላል። እንጨቱ አየር ስለማያገኝ አይነድም፤ ጋዙንና ቅባቱን ብቻ እያስወጣ ወደ ጥቁር አጽምነት ይለወጣል። ጭሱ ሲቋረጥ ጣሳው ከእሳቱ ይወጣል፤ እስኪቀዘቅዝ ግን አይከፈትም። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ አላስችል ብሎኝ ትኩሱን ከፈትሁት። ያማሩ ጥቁር ዘንጎች ነበሩ። ዓይኔ እያየ ከአየር ጋር ሲገናኙ ጫፋቸው ቀላ፤ ቅላቱ ተስፋፋ፤ ውሃ ይዤ እስክመለስ ግማሹ አመድ ሆኖ ነበር። ሁለተኛውን ጣሳ አዳር አሳደርሁት። በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ከእርሱ የወጣው ጠንካራና ግራጫ ሆኖብኝ ለቡናው ማንደጃ አስተላለፍሁት።

የአኻያ ከሰል ጠባይ ለመርሳትም ለመመለስም የሚመች ነው። ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ እንጂ ተጣብቆ ስለማይቀር በጨርቅ ቢወለወል ይነሣል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም፤ ከሥሩ ቀላል ጥላ ይተዋል። ከደቀቀ ከሰልና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይጠቁራል፤ አንዴ ካረፈ ግን በቀላሉ አይነሣም። እኔ በእርሱ መጠቀም እወድ ነበር፣ ችግሬም ከዚያ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወረቀቶች የሠራሁት ከፎቶግራፍ ነው። አንድ ዘመዴ ከመኪና ወርዶ በስልኩ ያነሣው ጥሩ ምስል ነበረኝ፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቼ የማዶውን ገደል መስመር በመስመር፣ ንጣፍ በንጣፍ፣ በተጨመቀው ከሰል አጥቁሬ ሣልሁት። ጫፉ ላይ ለቆርቆሮዎቹ ነጭ ቦታ ተውሁ። ሥራዬን ለመምህሬ ይዤ ስሄድ ትንሽ ቆሞ ተመለከተና «ይህ ግድግዳ ምን ያህል ቅርብ ነው?» አለኝ። 20 ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ነገርሁት። «እንግዲህ ሥዕልሽ 200 ሜትር ነው የሚለው። እነዚህ ነጫጭ ነገሮችስ ምንድን ናቸው? ወረቀቱ ተቀዷል እንዴ?» የአባቴ ቤት ነው ለማለት አፈርሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወራት ያሳለፍሁት ከመምህሬ ጋር በልቤ እየተከራከርሁ ነው። ክርክሬም ያለ ምክንያት አልነበረም ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥር ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ የራቀ የሚፈዝዝበት፣ የቀረበ የሚደምቅበት ሕግ የለም። ክብር ያለው ትልቅ ሆኖ ይሣላል፤ ክብር የሌለው ያንሳል። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን አንድ ዓይን ይሣላሉ። ከበስተጀርባ የቆመው መልአክ ከፊት ካለው ፈረስ አንሶ ወይም ደብዝዞ አይታይም፤ ሁሉም በአንድ ጥራት፣ በአንድ ጥቁር መስመር ተከብቦ ይታያል። ይህ የማየት ጉድለት አይደለም፤ ዓይን የሚያየውን ሳይሆን ነገሩ የሚገባውን ማዕረግ የሚሰጥ የራሱ ሕግ ያለው አሣሣል ነው። እኔም ሳላውቀው የደጀንን አፋፍ የሣልሁት በዚህ ሕግ ነበር፦ የእኛ ቤት ያለበት ስለሆነ መጉላት ይገባዋል ብዬ። ስሕተቴ ሕጉን መምረጤ ሳይሆን የቀረውን ሥዕል ሁሉ በሌላኛው ሕግ መሥራቴ ነበር። የፊቱን ድንጋይ ዓይን እንደሚያየው፣ የማዶውን ገደል ልብ እንደሚያየው ሥዬ ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ላስታርቃቸው አልቻልሁም።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፎቶግራፍ መሥራቱን ትቼ ወደ ጎሐ ጽዮን ሄድሁ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብዬ አፋፉ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ዕቃዬን ዘረጋሁ። ከዕቃዎቼ መካከል አንድ ሙሉ ዳቦ ነበር፤ ላጲስ ከመገኘቱ በፊት የጥንት ሠዓሊዎች የዳቦውን ለስላሳ ውስጥ አድቦልቡለው ከሰል ያነሡበት እንደነበር ስላነበብሁ ልሞክረው ብዬ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሚጓዝ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዝንጀሮን ግን ረስቼ ነበር። ወረቀቱን ለማስተካከል ዘወር ስል አንዱ መጥቶ ዳቦዬን ብድግ አድርጎ ከአፋፉ ሥር ተሰወረ። እስከ ዛሬ ዳቦ ከሰል ያጠፋ እንደሆነና እንዳልሆነ አላረጋገጥሁም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በግ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። የዘረጋሁትን ሰሌዳና በእጄ የያዝሁትን ካርቶን ለጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ጥርጣሬ ባለበት ድምፅ «ልጄ፣ መሬቱን የምትለኪው ለማን ነው?» አሉኝ። እየለካሁ ሳይሆን እየሣልሁ እንደሆነ ነገርኋቸው። «ምኑን?» አሉ። «ማዶውን፣ አባቴ። ደጀንን።» ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ሸለቆው ተመለከቱና ሳቁ። «ዛሬማ ማዶው የለም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ነይ።»

እውነታቸውን ነበር። የመጋቢት አቧራና የእርሻ ቃጠሎ ጭስ ሸለቆውን ሞልቶት የደጀን ግድግዳ ከሰማዩ የሚለየው በአንዲት ቀጭን የጥላ ልዩነት ብቻ ነበር። በእጄ የነበረው ካርቶን ይህንን ለመመዘን መምህሬ ያሠራኝ መሣሪያ ነው፦ መካከለኛ ግራጫ የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን። በቀዳዳው የሚታየው ነገር ከአካባቢው ስለሚነጠል ዓይን የሚያውቀውን ትቶ የሚያየውን ብቻ ያያል። መጀመሪያ እግሬ ሥር ያለውን ድንጋይ አየሁበት፤ ጥቁር ነበር። ቀጥሎ የማዶውን አፋፍ የላይኛ ገደል አየሁበት። ያም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ፈልቶ ደጋውን ሁሉ ያለበሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሁለቱም አፋፎች ላይ እንደ ክዳን ተቀምጧል። ቀዳዳው ውስጥ ግን የታየኝ ከካርቶኑ እጅግ የነጣ፣ ወተት የነካው የመሰለ ግራጫ ነበር። ካርቶኑን ሳነሣ ገደሉ መልሶ ጥቁር ይመስለኛል፤ ሳስጠጋ ይነጣል። ይህንን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሜ ሳደርግ ዋልሁ ብል ማጋነን አይሆንም። መምህሬ ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን በዘጠኝ ደረጃ ከፍሎ ያስተምረን ስለነበር፣ ከእግሬ ሥር ያለው ድንጋይ 9 ቢሆን የማዶው 2፣ ቢበዛ 3 ነበር። እኔ በሦስቱም ወረቀቶች 7 አድርጌ ሥየዋለሁ።

ምክንያቱ በመካከል ያለው አየር ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው ትነትና አቧራ የፀሐይን ብርሃን እየበተነ በእኛና በሩቁ ነገር መካከል ቀጭን የብርሃን መጋረጃ ይዘረጋል። መጋረጃው ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ጥቁሩን ነው፤ ነጩ ብዙም አይነካም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር በጥንቃቄ ጽፎታል፤ በግ ጠባቂው አዛውንት ግን «ዛሬማ ማዶው የለም» ብለው በሦስት ቃል ጨረሱት።

ሸለቆውን ለከሰል የተፈጠረ የሚያስመስለው ሌላው ነገር ንጣፎቹ ናቸው። ከላይ ጥቁር ድንጋዩ አለ። ከእርሱ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ጀሶ ያለበት ንጣፍ፣ ከሁሉ በታች ወንዙ አጠገብ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ጀሶ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ይህንኑ ድንጋይም፣ ሠዓሊዎች ቀለም ከማስነካታቸው በፊት እንጨቱን የሚቀቡበትን ነጭ መደብም ይጠሩበታል፤ የእኛም የጥንት ሠዓሊዎች የእንጨት ሥዕሎቻቸውን የሠሩት በእንዲህ ያለ ነጭ መደብ ላይ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በዚያ ገደል ባለፍሁ ቁጥር ገደሉ ራሱ ለሥዕል የተዘጋጀ ይመስለኛል። ንጣፎቹ ቅርብ ባለው ግድግዳ ላይ እንደ መደርደሪያ ተለይተው ይታያሉ፤ በማዶው ግን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ደብዛዛ ዝርግ መስመሮች ይጠፋፋሉ። ሠዓሊው እዚያ መኖራቸውን እያወቀ መተው አለበት።

አዛውንቱ እንዳሉኝ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ተመለስሁ። አፋፉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ አየሩ ታጥቦ፣ የማዶው ግድግዳ ከመጋቢት ይልቅ በእጥፍ የቀረበ ይመስል ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የደጀን ቆርቆሮዎች ማብረቅረቅ ጀመሩ። ቁጥራቸው እንደ 1988 ዓ.ም. አምስት ስድስት ሳይሆን ሊቆጠር የማይችል ነበር፤ ከተማው አድጓል። የእኔ የነበረውን ነጥብ ፈልጌ አጣሁት። እንዲያም ሆኖ አሥራ አንድ ትንንሽ ንድፎች ሠርቼ፣ በየጎናቸው የደረጃ ቁጥር ጽፌ ተመለስሁ። በጠራው አየር እንኳ የማዶው ጥቁር ድንጋይ ከ4 አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት ስላልሆነ ሥዕሉን የጨረስሁት ከእነዚያ ንድፎች ነው። አራተኛውና አምስተኛው ወረቀት ላይ ቁጥሮቼን እያየሁ እንኳ እጄ አልታዘዘኝም። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ለማዶው አንድ ጥቁር መስመር፣ አንዲት ብቻ፣ ልጨምርለት እልና ሥዕሉ በአንድ አፍታ ይዘጋል፤ ሸለቆው ጥልቀቱን አጥቶ በሁለት አጥሮች መካከል ያለ ቦይ ይሆናል። በስድስተኛው ይህን ፈተና አለፍሁት፤ የተበላሸው በሌላ መንገድ ነው። የከሰሉ ዱቄት እንዳይረግፍ የሚረጭ ማጽኛ ስላልነበረኝ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የፀጉር ስፕሬይ ተጠቀምሁ። ከቅርብ ስለረጨሁት ጠብታዎቹ ተጠራቀሙ፤ ፈሳሹ ደግሞ በባሕርዩ ከሰልን ትንሽ ስለሚያጠቁር፣ ወር ሙሉ ታግዬ ያፈዘዝሁት ግድግዳ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ጠቁሮና ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ያን ዕለት ከሰል አልነካሁም። በሰባተኛው ላይ ስለተፈጠረው ማውራት አያስፈልግም፤ ልጄ ሻይ ደፋበት።

ስምንተኛውን የጀመርሁት በሥራ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አድርጌ ነው። የተጨመቀውን ከሰል መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። የአኻያውን ከሰል አድቅቄ በጥጥ ጨርቅ መላውን ወረቀት ቀባሁትና አንድ ወጥ ደረጃ 3 ግራጫ አደረግሁት፤ ማለትም ሥራውን የጀመርሁት ሁሉንም ነገር ማዶ በማድረግ ነው። ከዚያ ሰማዩን እንደ ሊጥ በሚቦካው ላጲስ እየነካሁ አነሣሁ። የማዶው ግድግዳ ከዚያ በኋላ መሣል አላስፈለገውም፤ ሰማዩ ሲነሣ እርሱ ቀረ። በጠርዙ ላይ አንድም መስመር አላሰመርሁም። የንጣፎቹን ምልክት የሰጠሁት በጨርቁ ጫፍ ሁለት ጊዜ በመሳብ ብቻ ነው። ወደ ታች ስወርድ የመካከሉን ሸንተረሮች አንዱን ከሌላው በአንድ ደረጃ እያጠቆርሁ መጣሁ፤ ከሰሉን በጎኑ አጋድሜ ስስበው የወረቀቱ ሸካራ ገጽ ራሱ ቁጥቋጦና ፍርክስካሽ ድንጋይ ይሠራል፤ ያንን በጣት ማሻሸት ወንጀል ይመስለኛል፤ እንዲያውም ጀማሪ የሠራውን የከሰል ሥዕል ከሩቅ የምለየው ሁሉም ነገር በጣት ታሽቶ ጉም በመምሰሉ ነው። ከሁሉ በኋላ የተቀመጥሁበትን ድንጋይና ከጎኑ የነበረውን ግራር ሣልሁ። መሳቢያውን ከፍቼ የተጨመቀውን ከሰል ያወጣሁት ለዚያ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲጠቁር ማዶው ሳይነካ በራሱ ወደ ኋላ ራቀ።

የቀረው ቆርቆሮው ነበር። ላጲሱን በጣቶቼ መካከል ቆንጥጬ ጫፉን እንደ መርፌ አሾልሁትና በማዶው አፋፍ ላይ ሦስት ቦታ ነካሁ። በፊት ወረቀቱ የተቀደደ ያስመሰለው ነጭ አሁን ዙሪያው ግራጫ ስለሆነ ብርሃን ሆነ። መምህሬ መጥቶ ሲያየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ሦስት ይበዛል» አለኝ። ሁለቱን በጨርቅ ነካ ነካ አድርጌ መለስኋቸው። አንዱ ቀረ። የቆመ ሰው ልብ ካላለ አያየውም።

ባለፈው ፋሲካ ታላቅ ወንድሜ ከባሕር ዳር መጥቶ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ሥዕሉ ገና ማጽኛ አልተረጨበትም ነበር። ፊቱ ቆሞ አየውና ሳልነግረው ከየት ሆኖ እንደተሣለ አወቀ፤ ወዲያው ነጥቧንም አገኛት።

«ይህችስ?»

«ቤታችን ናት» አልሁት። አባባ ያሉኝን፣ አውቶቡሱን፣ ነጥቡን መምረጤን ነገርሁት። ወንድሜ ትንሽ አሰበ።

«የእኛ ቤት እኮ ክዳኑ ወደ ገበያው ነበር የሚያጋድለው፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በበረሃው በኩልማ የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ይጋርዱት ነበር። ከጎሐ ጽዮን በፍጹም አይታይም።» ቀጥሎም ጣቱን ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ፣ ከነጥቧ በስተግራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ምንም ያልተሣለበትን ግራጫ ቦታ አሳየኝ። «ከዚህ ኋላ ነው የሚሆነው» አለ። ጣቱ ወረቀቱን ነክቶት ነበርና ሲያነሣው ከማዶው ጥላ በጥቂቱ የነጣ፣ ሞላላ የጣት አሻራ ቀረ። «ይቅርታ፣ አበላሸሁብሽ መሰለኝ» ብሎ በመሐረቡ ሊያስተካክለው ሲል እጁን ያዝሁት።

በማግስቱ የገዛሁትን ማጽኛ ይዤ ሥዕሉን ግቢ አወጣሁትና በክንድ ርቀት ቆሜ በየመካከሉ እያደረቅሁ ሦስት ጊዜ በስሱ ረጨሁት። ነጥቧም አሻራውም እንዳሉ ናቸው።